አጎበር ለሌላ ሥራ ከመዋሉ በፊት

አጎበር ከአልጋ ወርዶ የችግኝ አጥር፣ የመስኮት መጋረጃ ወይም የዓሣ መረብ ሆኖ ሲገኝ፣ ባለቤቱን ከመውቀስ አስቀድሞ አንድ ነገር መጠየቅ ይገባል፤ በዚያ ቤት ያለ አጎበር የሚያድር ሰው አለ ወይ? ካለ፣ አጎበሩ ቢያረጅም ወደ መኝታው ይመለስ። የሚመከረው ለሁለት ሰው አንድ አጎበር እንዲዳረስ ነው።

በፀረ ተባይ የተነከሩ አጎበሮች ለ3 ዓመት ያህል እንዲያገለግሉና 20 ጊዜ ያህል ቢታጠቡም ኃይላቸውን እንዳያጡ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ይህ ግን የግምት ልክ እንጂ የመጣያ ቀጠሮ አይደለም። አጎበሩን በቀን ብርሃን ዘርግተው፣ በተለይ ከአልጋው ጠርዝ ጋር የሚፋተገውን የታችኛውን ክፍል ይመልከቱ። ትንሹ ቀዳዳ በመርፌና ክር ይሰፋል፤ ሰፊው ከሌላ አሮጌ አጎበር በተቆረጠ ቁራጭ ይጣፋል። መድኃኒቱ እስካለ ድረስ የተቀደደ አጎበርም ቢሆን የሚያርፍበትን ትንኝ ሊገድል ይችላል።

በእርግጥ ያበቃለትና ተተኪው የተሰቀለለት አጎበር በመስኮት፣ በበርና በጣሪያ ሥር ባለ ክፍተት ላይ ቢወጠር የትንኝን መግቢያ ስለሚያጠብ፣ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው። ችግኝ መከለያም ይሆናል። ምግብና እህል ግን አይሸፈንበት።

ዓሣ ማስገር ግን በአዲስም ሆነ በአሮጌ አጎበር ፈጽሞ አይገባም። አጎበር የሚነከርበት ፓይረትሮይድ የተባለው ፀረ ተባይ ለዓሣና ዓሣ ለሚመገባቸው ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ብርቱ መርዝ ነው፤ የአጎበሩ ቀዳዳም እጅግ ጠባብ በመሆኑ ገና ያላደጉትን የዓሣ ጫጩቶች ሳይቀር ጠርጎ ያወጣል፣ የነገውንም ምርት አብሮ ያጠፋል። ይህን የሚያደርገው ሰው ብዙ ጊዜ የዕለት ጉርሱን ፈልጎ ነውና፣ በቁጣ ከመከልከል ይልቅ ቀዳዳው ሰፋ ያለ መረብ የሚያገኝበትን መንገድ ከአስጋሪዎቹ ጋር ተቀምጦ መምከር ይሻላል። በዚሁ መርዝ ምክንያት አጎበር በወንዝ ወይም በሐይቅ ውስጥ አይታጠብ፤ በሳፋ ታጥቦ እጣቢው ከውኃ ርቆ ይደፋ፣ አጎበሩም በጥላ ይድረቅ።

ለምንም የማይሆነው አጎበር አሮጌውን የሚሰበስብ የጤና ተቋም ካለ ለእሱ ይመለሳል፤ ከሌለ ከጉድጓድ ውኃና ከምንጭ ርቆ ይቀበራል እንጂ በሜዳ አይቃጠልም፣ የመጣበት የፕላስቲክ ከረጢትም እንዲሁ።