«ድሬ ላይ እኮ አልፋለች!»፦ በቦሎ ምርመራ ጊዜ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቦሎ ሰሞን ሲደርስ ስልኬ አያርፍም። አንዴ ጎረቤት፣ አንዴ የአክስቴ ልጅ፣ አንዴ የሥራ ባልደረባ ይደውላል። ጥያቄያቸው ግን ተመሳሳይ ነው፦ «እዚያ ያለፈች መኪና እዚህ እንዴት ትወድቃለች?» «እዚያ» አንዳንዴ ድሬዳዋ ነው፣ አንዳንዴ ሐዋሳ፣ አንዳንዴም ዱባይ። «እዚህ» ሁሌም አዲስ አበባ ነው። መካኒክ አይደለሁም። ቢሮዬ ለገሃር አካባቢ ነው፤ ለዓመታት አሮጌ መኪና ነድቻለሁ፤ በምርመራም ወድቄ አውቃለሁ። ከዚያ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

«ድሬ ላይ ጭስ አልነበራትም»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ተሳስቻለሁ። አጎቴ ድሬዳዋ ሲነዳት የኖረችውን ዲኤክስ ኮሮላ ሰጠኝ። እዚያ ያለው መካኒክ ካርቡሬተሯን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) አስተካክሎላት ነበርና ድምጿ እንኳ አይሰማም። አዲስ አበባ በገባች በሳምንቷ ግን ከለገሃር ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደውን የቸርችል ዳገት መውጣት ከበዳት። ከኋላዋ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ምርመራ ወሰድኳት፤ በጭስ ወደቀች። «ማሽናችሁ ተበላሽቷል» ብዬ መርማሪውን ተቆጣሁት። ማሽኑ ደህና ነበር።

ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ግን ወደ 2,355 ሜትር ትጠጋለች። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ካርቡሬተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ነዳጁን እንደለመደው ይለቃል። አየር ሲያንስና ነዳጅ ሲበዛ ቃጠሎው አይሟላም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይጨምራል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። የጋዝ መለኪያው የሚያነበው ይህንኑ ነው። የእኔ መካኒክ የነዳጅ ማሳለፊያዋን በጠባብ ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያዋን አዲስ አደረገ፤ በሁለተኛው ሙከራ አለፈች።

ናፍጣ ላይም ያው ነው። የድሮው መካኒካል ፖምፓ ያለው አይሱዙ ቆላ ላይ ተስተካክሎ እዚህ ሲወጣ ጭሱ ይጠቁራል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ዕቃ) ያለው በመጠኑ ይሻላል። ኢንጀክሽን ያላቸው፣ ማለትም ነዳጃቸውን ኮምፒውተር የሚመጥንላቸው የቤንዚን መኪኖች ሴንሰራቸው ጤነኛ ከሆነ ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ስለዚህ ያሪስ ይዛችሁ «ከፍታው ነው» ብላችሁ አትለፉ። እሷ ካጨሰች ሌላ ችግር አለባት። ካርቡሬተር ያላት መኪና ከቆላ የገዛችሁ ግን ከምርመራው ቀን ቀደም ብላችሁ እዚሁ አዲስ አበባ አስተካክሏት። እዚያው ካስተካከላችኋት ድካማችሁ ከንቱ ነው።

«ካታሊስቷን አውጣላት፣ ትስባለች»

ይህን ምክር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከውጭ የመጣች መኪና ዳገት ላይ ስትደክም አንዳንድ ጋራዥ ጥፋቱን ጭስ ማውጫዋ ላይ ያለው ካታሊስት ላይ ይጥላል። የተደፈነ ካታሊስት አቅም ይቀንሳል፣ እሱ እውነት ነው። ጤነኛውን ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናዋ የደከመችው አየሩ ስለሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከፍታ ላይ የአቅሙን ሩብ ያህል ያጣል። ካታሊስቱ ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚቀይር ዕቃ ነው። እሱን ስታወጡ መርዙ ሜክሲኮ አደባባይ መጨናነቅ ውስጥ ከኋላችሁ የቆመው ሚኒባስ ውስጥ ይገባል። ሽታም ቀለምም የለውም። ሚኒባሱ ውስጥ ሕፃን ያዘለች እናት አለች።

«ዩቲዩብ ላይ እንዲህ አይሉም»

የውጭ ቪዲዮ አይተው የእኛን ምርመራ የሚሞግቱ አሉ። የሌላ አገር ደንብ ግን ለዚያ አገር ነው። ጀርመን ውስጥ አዲስ የቤት መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመረመረው በ3 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በየ2 ዓመቱ ይሄዳል። ጃፓንም ለቤት መኪና እንዲሁ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ከ3 ዓመት በኋላ በየዓመቱ ነው፤ ሰሜን አየርላንድ ግን የመጀመሪያው በ4 ዓመት ነው። አንድ መንግሥት ሥር እንኳ ይለያያል! አሜሪካም እንደየክፍለ ግዛቱ ነው። ቴክሳስ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የንግድ ላልሆኑ መኪኖች የደህንነት ምርመራውን አስቀርታ በአንዳንድ አውራጃዎች የጭሱን ብቻ ይዛለች። «አሜሪካ እንኳ ትቷል» እያሉ መከራከር ስለዚህ አያዋጣም። የሚገርመኝ ግን ሜክሲኮ ሲቲ ናት። ከፍታዋ 2,240 ሜትር ነው፣ የእኛ ዘመድ ማለት ነው። እዚያ አብዛኛው መኪና የጭስ ምርመራ የሚያደርገው በየ6 ወሩ ነው። ማነጻጸር ካማራችሁ ከእሷ ጋር አነጻጽሩ።

«የክልል ታርጋ ናት፣ ቦሎዋም አዲስ ነው»

የተሽከርካሪ ምርመራና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አገር አቀፍ ነው። ሥራውን የሚሠሩት ግን የክልልና የከተማ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የማሽኑ ዓይነትና የመርማሪው ጥንቃቄ ከቦታ ቦታ ሊለያይ ይችላል። መኪና ስትገዙ ቦሎውንና ሊብሬውን አይታችሁ ብቻ ገንዘብ አትክፈሉ። ቦሎ የሚነግራችሁ መኪናዋ በዚያ ቀን እንዳለፈች ብቻ ነው። የሐዋሳ መንገድ ሜዳ ነው፤ የሳሳ የፍሬን ሸራ እዚያ ብዙም ላይታወቅ ይችላል። ከፒያሳ ቁልቁል ስትወርዱ ግን ይታወቃል። የምታውቁት መካኒክ ፍሬኗን፣ ቴስቲናዋን፣ ጎማዋን ይይላችሁ።

ደግሞ ሞተሩን ሳታሞቁ አትሂዱ። ካታሊስት የሚሠራው ሲግል ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ጤነኛውን መኪና ሊጥል ይችላል። ከሩብ ሰዓት በላይ ነድታችሁ ድረሱ። ሰልፉ ረጅም ከሆነም ተራችሁ ከመድረሱ በፊት ጥቂት አስነሥታችሁ አቆዩት።

ጎማ መዋስ የሚባል ነገርም አለ። ለምርመራው ቀን ከጓደኛ ጥሩ ጎማ ተውሶ፣ ማታውኑ ጎሚስታ ጋር ተመልሶ ላጩን ማሰር። የማውቀው ሰው ይህን አድርጎ ክረምት ላይ እስታዲየም አጠገብ ተንሸራቶ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጣ። ደግነቱ ሰው አልነበረም። እባካችሁ፣ ተውት።

«ኤሌክትሪክ ናት፣ ምን ሊመረምሩ?»

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። ጭስ የላትም፣ ልክ ነው። ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማና መብራት ግን አላት። እንዲያውም ፍሬኗ የበለጠ መታየት አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ስትቀዘቅዝ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው ሞተሩ ነው፤ ኃይሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ዲስኩና ሸራው ሥራ ይፈታሉ። ሥራ የፈታ ብረት በክረምት ይዝጋል። በተጨማሪም ባትሪዋ ከባድ ስለሆነ ጎማዋ ቶሎ ያልቃል። ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ አዲስ መኪና የኋላ ዲስክ በዝገት ቀልቶ አይተናል። ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር።