የቮልሴን የፊት ጎማ መንቀጥቀጥ እንዴት እንዳስተካከልኩት

በ1963 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ቮልሴ ፍጥነቷ 60 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መሪዋ በእጄ ላይ ክፉኛ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጎማ ማመጣጠንም ሆነ አዲስ አሞርዛተር መግጠም ምንም አልለወጠም። በክሪክ አንሥቼ የግራውን ጎማ ከላይና ከታች ይዤ ስወዘውዘው፣ የጎማውን ተሸካሚ ከፊት አክስሉ ከሚወጡት የላይና የታች ክንዶች ጋር የሚያገናኙት ፒኖች መላላታቸው ታወቀኝ።

ፒኖቹን ለመቀየር ስነሣ የገጠመኝ ችግር የታችኛውን ፒን ጨምቆ የሚይዘው ብሎን በዝገት መጣበቁ ነበር። ይህ ብሎን በፒኑ ላይ በተቀረጸ ቦይ ስለሚያልፍ፣ እሱ ሳይወጣ ፒኑ አይወጣም፤ በመዶሻ ቢመታም የሚጎዳው ክንዱ ነው። የቮልስ ነዳጅ ታንክ ከፊት ስለሆነ፣ እሳት ከማስጠጋቴ በፊት ታንኩን ፈትቼ ከግቢው አራቅሁ። ሁለት ቀን ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ካጠጣሁት በኋላ፣ ብሎኑን ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ብረት አሙቄ፣ ቁልፉን በትንሹ ወደ መፍቻው፣ ከዚያ ወደ ማጥበቂያው እያመላለስኩ ስሠራ፣ ቀይ የዝገት ዱቄት ከዘይቱ ጋር እየወጣ ብሎኑ ሳይሰበር ተፈታ። ትዕግሥት እዚህ ላይ ከጉልበት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አዲሶቹን ፒኖች ከነሮንዴላዎቻቸው ገጥሜ፣ እስኪከብዱ አጥብቄ አንድ ስምንተኛ ዙር መለስኳቸው። ግራሶ የሞላሁት ጎማው ከመሬት እንደተነሳ ነው፤ ክብደት ካረፈበት ግራሶው በሁሉም በኩል አይደርስም። የመያዣውን ብሎን በአዲስ ተካሁት፣ ጥርሱንም ግራሶ ቀባሁት። አሁን በ80 ኪሎ ሜትር መሪው ጸጥ ብሏል።