ለቅርስ ጥገና ገንዘብ ስትጠይቁ ከግንቡ በፊት ስለ ሰዉ ጻፉ

የመጀመሪያ ፕሮፖዛላችን ውድቅ ሆነ። አንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበር ጉዳዩ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ያሉትን ብራናዎች እርጥበት እየበላቸው ነው። 14 ገጽ ጻፍን። 13ቱ ታሪክ ነበር፤ ማን አሠራው፣ የትኛው ንጉሥ ምን ሰጠው፣ ታቦቱ ከየት መጣ። ለጋሹ የጠየቀን ግን ሌላ ነው፦ ጥገናውን ከአካባቢው ማን ይማረዋል፣ ገንዘቡ ሲያልቅስ ማን ይጠብቀዋል? መልስ አልነበረንም። ዛሬ ምክር የሚጠይቀኝ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ እንዲጀምር እነግረዋለሁ።

ጥያቄው የፈረንጅ ወግ አይደለም። ላሊበላን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ ትልልቅ መጠለያዎች ቆሙ። ከዝናብ እንዲከላከሉ ነበር፣ ለጊዜው ነው ተብሎም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የከተማው ሕዝብ መጠለያዎቹ ያሰጉናል፣ ይነሱልን ብሎ ሰልፍ ወጣ። እዚያው ላሊበላ በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ጥገና ጊዜ ግን የአካባቢው ሰዎችም እየሠለጠኑ ነበር የተሠራው። ለእኔ የሁለቱ ልዩነት ትልቅ ነው። ባለሙያው ሻንጣውን ይዞ ሲሄድ በአንዱ ብረት ይቀራል፣ በሌላው እጁ ሥራ የለመደ ሰው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ሂዱና ሰዉን ሰብስቡ። ቄሰ ገበዙን፣ ሰበካ ጉባኤውን፣ የእድሩን ዳኛ፣ ሽማግሌዎቹን፣ ሴቶቹን፣ ሥራ ያጡ ወጣቶችን። ቅርሱ መስጊድ ወይም የድሮ ሠፈር ከሆነም ያው ነው፤ የሚጠቀምበትና የሚጠብቀው ሰው ይምጣ። የእናንተን ዕቅድ አታንብቡላቸው፣ ምን ያሳስባችኋል ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ጣሪያው ነው ስንል እነሱ የጎርፍ መውረጃ ቦዩ ተደፍኖ መሠረቱን እያራሰው እንደሆነ ነገሩን። ልክ ነበሩ። የተባለውን በቃለ ጉባኤ ያዙና አስፈርሙ። ይህቺ ወረቀት ከፕሮፖዛሉ ጋር ስትያያዝ ከአሥር ገጽ ማብራሪያ በላይ ትናገራለች።

ሁለተኛው ሙያው ነው። «ለማኅበረሰቡ ሥልጠና እንሰጣለን» ብላችሁ አትጻፉ፣ ምንም አይናገርም። እንዲህ ጻፉ፦ 8 ወጣቶች ከ2 አንጋፋ ግንበኞች ጋር ለ6 ወር ይሠራሉ፣ በመጨረሻም ኖራውን በውኃ አሳድረው፣ ከአሸዋ ጋር መጥነው፣ አንድ የግድግዳ ክፍል ራሳቸው ጠግነው ያስረክባሉ። ለምን ኖራ እንደሆነም ግለጹ። ኖራ እርጥበት ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል፣ ከድሮው ድንጋይና ጭቃ በላይ ስለሚጠነክር ጉዳቱ ድንጋዩ ላይ ያርፋል። ብዙ የድሮ ግንብ በቅን ልብ በሲሚንቶ ታድሶ ተጎድቷል። ወጣቱ ይህን ካወቀ ነገ አንድ በጎ አድራጊ ሲሚንቶ በመኪና ጭኖ ሲመጣ ተዉ የሚል ሰው አለ ማለት ነው።

ሆቴል ውስጥ የሁለት ቀን ወርክሾፕ፣ አበልና ሻይ ቡና ይዞ በጀቱን የሚበላ ዕቅድ ግን እባካችሁ አታቅርቡ። ያንን ገንዘብ ለተማሪዎቹ የቀን ክፍያ አድርጉት። ደሃ ልጅ ያለ ክፍያ 6 ወር ሊማር አይችልም፣ ሴቶቹም ልጅ የሚይዝላቸው ከሌለ አይመጡም፤ እሱም በጀት ውስጥ ይግባ።

በጀቱ ላይ ሌላም የሚያስቸግር ነገር አለ። የገጠር ግንበኛ ደረሰኝ የለውም። ውል ሳትፈርሙ በፊት ለጋሹን ጠይቁ፣ በፊርማና በምስክር የተሞላ የክፍያ ቅጽ ይቀበላል ወይ? የምንዛሬ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ምንዛሬው በገበያ ሲወሰን ብሩ በአጭር ጊዜ ብዙ ወርዷል፣ የዕቃ ዋጋም አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ መጠባበቂያ ያዙ። የሥራ ሰሌዳውንም ለክረምት አታድርጉት፣ የአጨዳ ወቅትንና በዓላቱን ቀንሱ። ውጭ ያለ ሰው ሰኔ ላይ ግንባታ ይጀመር ቢላችሁ ለምን እንደማይሆን በትሕትና አስረዱት።

የት ይጠየቃል? እንደ ሥራው ዓይነት ነው። የብሪቲሽ ካውንስሉ ከልቸራል ፕሮቴክሽን ፈንድ ከሚያያቸው አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት፣ ሥልጠናና የማኅበረሰብ ተሳትፎም ይፈልጋል። ለብራናና ለድሮ ሰነድ በብሪቲሽ ላይብረሪ ያለው ኢንዴንጀርድ አርካይቭስ ፕሮግራም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ይሠራል፣ ዲጂታል ቅጂ ነው የሚደግፈው፣ ዋናው ብራና ከአገር አይወጣም። ይህን ለካህናቱ በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ ስጋታቸው ትክክለኛ ነውና። የሚጠፋ የእጅ ሙያ፣ ለምሳሌ የብራና ፍቀት ወይም ድጉሰት (የመጽሐፍ ቆዳ ሽፋን ሥራ)፣ ለመመዝገብ ደግሞ የብሪቲሽ ሙዚየሙ ኢንዴንጀርድ ማቴሪያል ኖውሌጅ ፕሮግራም ይሻላል። በጦርነት የተጎዳ ቅርስ ከሆነ ጄኔቫ ያለውን አሊፍ (ALIPH) የተባለ ድርጅት እዩ። እያንዳንዱ የማመልከቻ ጥሪ ደንቡን ሊለውጥ ስለሚችል የዘንድሮውን መመሪያ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ፈቃዱን ግን አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አይጀመርም። ደብዳቤው ብዙ ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ጥሪ እስኪወጣ አትጠብቁ። ቃለ ጉባኤውንና ጥቂት ፎቶዎችን ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ግቡ።