ያገለገለ ባለ ከፍተኛ ጉልበት ሞተር ሳይክል ከመግዛትዎ በፊት

«መስል ባይክ» እየተባሉ የሚጠሩት ሞተር ሳይክሎች የተሠሩበት ዋና ዓላማ አንድ ነው፤ ይኸውም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከቆሙበት ተነሥተው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ደም የሚያስደነግጥ ፍጥነት ላይ መድረስ ነው። የያማሃ ቪ-ማክስ በ1985 ለገበያ ሲቀርብ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 1198 ሲሲ የሆነ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ይዞ ወደ 145 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። በ2009 የተተካው አዲሱ ቪ-ማክስ ደግሞ 1679 ሲሲ ሆኖ ወደ 200 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። የትራያምፍ ሮኬት 3፣ የዱካቲ ዲያቬል፣ የሃርሊ-ዴቪድሰን ቪ-ሮድ እና የሱዙኪ ቢ-ኪንግም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። አዲስ ሳሉ ዋጋቸው ከብዙ ሰው አቅም በላይ ስለነበር፣ ዛሬ ያገለገሉትን በግማሽ ወይም ከዚያ ባነሰ ዋጋ ያየ ሰው ልቡ ቢነሣሣ አይፈረድበትም።

ነገር ግን እነዚህ ማሽኖች የሚያረጁት እንደ ተራ ሞተር ሳይክል በተጓዙት ኪሎ ሜትር ልክ አይደለም። በየቀኑ ረጋ ብሎ 60,000 ኪሎ ሜትር የተነዳ ቪ-ማክስ፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ እየወጣ ጎማ ሲያጨስ ከኖረ 15,000 ኪሎ ሜትር ካለው ወንድሙ ይልቅ ጤነኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ገዢው አተኩሮ ማንበብ የሚገባው የቆጣሪውን ቁጥር ሳይሆን፣ የቀድሞው ባለቤት ጋዝ የሚሰጥበት ቀኝ እጅ በብረቱና በጎማው ላይ ትቶት የሄደውን ምልክት ነው።

ማሽኑን ለማየት ከመሄድዎ በፊት ግን ራስዎን መመርመር ይቀድማል። ሁለተኛው ትውልድ ቪ-ማክስ ነዳጅና ዘይት ተሞልቶ 310 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የመጀመሪያው ሮኬት 3 ደግሞ ነዳጅም ሳይሞላ ከ300 ኪሎ በላይ ነው። ይህን የሚያህል ክብደት በመንገድ ላይ ሲሮጥ አይሰማም፤ የሚሰማው ተዳፋት ቦታ ላይ አቁመው ወደ ኋላ መግፋት ሲያስፈልግዎ ነው። ስለ ጉልበቱም ማሰብ ይገባል፤ በ2004 የወጣው ሮኬት 3 ባለ 2294 ሲሲ ሞተሩ 200 ኒውተን ሜትር የሚሆነውን የመጠምዘዝ ኃይል የሚሰጠው ገና በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሳለ ነው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ እርጥብ አስፋልት ላይ የእጅ አንጓ ትንሽ ካዘነበለ የኋላው ጎማ ባለበት ሊሽከረከር ይችላል። እስካሁን የነዱት 250 ሲሲ ከሆነ፣ በመካከል አንድ መካከለኛ ሞተር ሳይክል ላይ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። እዚህ ላይ ኩራት ዋጋ ያስከፍላል። ቀጥሎ የሚነዱበትን መንገድ ያስቡ። ዲያቬልና ሮኬት 3 የሚጠቀሙበት 240 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኋላ ጎማ ለዓይን ቢያምርም፣ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ማሽኑ ወደ ጎን እንዲያዘነብል ከጠባብ ጎማ የበለጠ ግፊት ይጠይቃል። የቪ-ማክስ የነዳጅ ታንክ የሚይዘው 15 ሊትር ብቻ ስለሆነ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ቢፈጅ እንኳ 190 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይደርቃል። ረጅም ጉዞ ለሚያልም ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ስለ ገንዘቡ ብዙ ማለት አያሻም፤ የመግዣው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ መሆኑን ማወቅ ይበቃል። የኋላ ጎማቸው ቶሎ ያልቃል፣ ኢንሹራንሳቸው ውድ ነው፣ መለዋወጫቸውም ሁልጊዜ በቅርብ አይገኝም። በተለይ የጥገና ቀጠሮውን ይጠይቁ። የመጀመሪያው ዲያቬል የቫልቭ ፍተሻ የሚደረግለት በየ24,000 ኪሎ ሜትሩ ሲሆን፣ ሥራው ብዙ ሰዓትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። 23,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ በሚያስገርም ርካሽ ዋጋ የቀረበ ዲያቬል ካገኙ፣ ርካሽነቱ ከየት እንደመጣ መገመት አያዳግትም። ይህን ወጪ በዋጋው ላይ ደምረው ያስሉ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። ሻጩን አስቀድመው በስልክ ሲያነጋግሩ «እስክደርስ ሞተሩን አያስነሡት» ብለው ይንገሩት። ሲደርሱም ከሰላምታ ቀጥሎ የእጅዎን መዳፍ ወደ ሞተሩ ሽፋን ያስጠጉ። አንድ ጊዜ የመጀመሪያውን ትውልድ ቪ-ማክስ ለማየት ሄጄ እንዲሁ ሳደርግ ብረቱ ሞቆ አገኘሁት። ሻጩ «አሁን ከመንገድ አስገብቼው ነው» አለኝ፤ ጎማው ላይ ግን ማሽኑ ሲታጠብ የተንጠባጠበው ጭቃማ ውሃ ሳይነካ ደርቆ ነበር፤ ማሽኑ ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ሞተሩ ብቻ እንዲሞቅ ተደርጓል ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር የማይደብቀውን የሞቀ ሞተር ይደብቃል፤ ለመነሣት ማስቸገሩ፣ ሲነሣ የሚያወጣው ሰማያዊ ጭስ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ላይ የሚሰማው የብረት ኳኳታ፣ ሁሉም የሚታዩት በቀዝቃዛው ነው። በዚያው ቪ-ማክስ ላይ የኋላው ጎማ አዲስ፣ የፊቱ ደግሞ ጎኑ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ መሪው እስከ ዳር ሲዞር የሚያርፍበትን የብረት ጉጥ ስመለከት፣ የግራው ተድጦ ቀለሙ ተላጧል። ያ ጉጥ በተለመደ አነዳድ አይደጥም፤ የሚደጠው ማሽኑ ወድቆ መሪው በኃይል ሲጠማዘዝ ነው። የታንኩ ሽፋን ቀለም አዲስና የሚያብረቀርቅ ነበር። አመስግኜ ተመለስሁ።

ጎማ ብዙ ይናገራል። በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ የሚገኙት 4 አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 2319 የሚል ካዩ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ብዙ ዓመት የቆየ ጎማ ጠንክሮ መንገድ መያዝ ስለሚያቅተው፣ በዚህ ጉልበት ላይ አደገኛ ነው። መሐሉ ጠፍጥፎ ጎንና ጎኑ ያልተነካ ጎማ ቀጥታ መንገድ ላይ ብቻ የሮጠ መሆኑን ሲነግርዎት፣ በፓራፋንጎው ውስጠኛ ክፍል ላይ የተለጠፈ የቀለጠ ጎማ ፍርፋሪ ደግሞ ቆሞ ሲያጨስ እንደነበር ይመሰክራል። ይህን ካዩ የሚቀጥለው ጥርጣሬዎ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ላይ ይሁን።

ፍሪሲዮኑን ለመፈተሽ የሚሻለው መንገድ ባዶ መንገድ ላይ በከፍተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ ፍጥነት እየሄዱ ሳለ ጋዙን በአንድ ጊዜ መክፈት ነው። የሞተሩ ዙር ወደ ላይ ሲወጣ ፍጥነቱ ካልተከተለው ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ደግሞ መለወጡ አይቀርም። ካምቢዮው ላይ እያንዳንዱን ማርሽ አስገብተው በጋዝ ይጫኑት፣ ከዚያም ይልቀቁት፤ በተለይ ሁለተኛው ማርሽ በጭነት ጊዜ ብቻውን ዘሎ ከወጣ ዋጋ አይደራደሩ፣ ትተውት ይሂዱ። ያን ለመጠገን ሞተሩ ተከፍቶ መበተን አለበት። እንደ ዲያቬልና ቢ-ኪንግ በካቴና የሚነዱት ላይ፣ ካቴናውን ከኋላው ጥርስ ላይ በጣትዎ ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉት፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየ አልቋል። ቪ-ማክስና ሮኬት 3 በሻፍት፣ ማለትም በሚሽከረከር የብረት ዘንግ ስለሚነዱ ይህ ድካም የለባቸውም፤ ይሁን እንጂ በኋላው ጎማ መሐል ካለው የማርሽ ሳጥን ዘይት እየፈሰሰ አለመሆኑን ማየት ይገባል።

የፊቱን ጎማ ከመሬት አንሥተው መሪውን ከዳር እስከ ዳር በዝግታ ያዙሩት። መካከል ላይ ሲደርስ ቀጭን ማነቂያ ቢጤ ከተሰማዎ የመሪው ኩሺኔታ ተበልቷል፤ የፊት ጎማቸው ከመሬት እየተነሣ በኃይል ሲያርፍ የኖሩ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ይህ ችግር አለባቸው። የፊቱ ሾክ አብዞርበር የሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ዘይት ወይም የዝገት ጠቃጠቆ ካለ ደግሞ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ጎሚኒ መለወጥ አለበት። ፍሬን ሲይዙ መያዣው በጣትዎ ላይ ከተርገበገበ ዲስኩ ተጣሟል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ትውልድ ቪ-ማክስ የሚፈልጉ ሰዎች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ በ1993 የፊቱ ሾክ አብዞርበር ከ40 ወደ 43 ሚሊ ሜትር ወፍሮ ፍሬኑም ባለ 4 ፒስተን ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ያንኑ ጉልበት በደከመ ፍሬን ስለሚያቆሙ፣ እኔ ብሆን የ1993ን ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን እመርጣለሁ።

ስለዚሁ ማሽን ሳናነሣ የማናልፈው ሌላም ነገር ቪ-ቡስት ነው። በደቂቃ ወደ 6,000 ዙር ሲጠጋ የአየር መግቢያዎቹን የሚያገናኙ ትናንሽ በሮች ይከፈቱና ሞተሩ ድንገት ተጨማሪ ጉልበት ያገኛል። በአንዳንድ አገሮች ግን ማሽኑ ያለዚህ ስልት ወደ 100 የፈረስ ጉልበት ዝቅ ተደርጎ ይሸጥ ነበር፤ ስለሆነም «145 ነው» የሚለውን ቃል ብቻ አይቀበሉ፣ ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ በሻንሲ ቁጥሩ ያጣሩ። ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅሉ 4 ካርቡራተሮች ያሉት መሆኑንም አይርሱ። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የኖረ ከሆነ የካርቡራተሮቹ ቀጫጭን ቀዳዳዎች በደረቀ ነዳጅ ይደፈናሉ፤ ጋዝ ሳይሰጡት (ሚኒሞ ላይ) የሚንገጫገጭና ጋዝ ሲሰጡት የሚያመነታ ሞተር ምልክቱ ይህ ነው።

የኤሌክትሪኩን ሁኔታ ለማወቅ ርካሽ ቮልት መለኪያ ይዞ መሄድ ይበቃል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ጤነኛ ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተሩ ተነሥቶ ዙሩ ከፍ ሲደረግ ከ13.5 እስከ 14.5 ባለው መካከል መሆን አለበት። ከዚያ ከወረደ ዲናሞው ወይም ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ታሟል። የራዲያተሩን ውሃ መሙያ የሚከፍቱት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው፤ የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና ቢመስል ውሃ ገብቶበታልና ምርመራው እዚያው ላይ ያብቃ።

ተጨማሪ ዕቃ የተገጠመለት ማሽን ለብቻው ሊታይ ይገባል። ማርሚታው ተቀይሮ፣ የአየር ፊልትሮው ተነሥቶ፣ ኮምፒውተሩ እንደገና የተጻፈ ሞተር ሲያዩ ሻጩ ያወጣውን ገንዘብ እንደ ትርፍ ይቆጥርልዎታል። እርስዎ ግን እንደ ጥያቄ ይቁጠሩት። የነዳጁ መጠን ከአየሩ ጋር ሳይስተካከል የተገጠመ ክፍት ማርሚታ ሞተሩን ከልክ በላይ እንዲሞቅ ያደርገዋል፤ ሥራውን ማን እንደሠራውና ደረሰኙ የት እንዳለ ይጠይቁ፣ ኦሪጅናል ዕቃዎቹም አብረው እንዲሰጡዎ ያድርጉ። የኋላውን ጎማ የሚይዘው ክንድ ረዝሞ የተበየደ ከሆነ ማሽኑ ለውድድር ሲያገለግል ኖሯልና፣ ለመንገድ የሚፈልግ ሰው ባይነካው ይሻላል።

ሰነዱን በተመለከተ የሻንሲውም የሞተሩም ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት፤ ቁጥሩ የተፋቀ ወይም ዙሪያው የተበየደ ከሆነ ምንም ዓይነት ማብራሪያ አይስሙ። የባንክ ዕዳ እንደሌለበትም በሚመለከተው ክፍል ያረጋግጡ።

ሁሉም ደኅና ሆኖ ከተስማማዎ፣ በምርመራው ያገኟቸውን ጉድለቶች በወረቀት ላይ ጽፈው እያንዳንዱን በመለወጫው ዋጋ ተምነው ለሻጩ ያሳዩ። በደፈናው «ቀንስልኝ» ከማለት ይልቅ «የኋላው ጎማና የፊቱ ጎሚኒ ይህን ያህል ያስወጣሉ» ማለት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ማሽኑን ቤትዎ ካደረሱ በኋላም ከማንኛውም ማስዋቢያ በፊት የሞተሩን ዘይት ከነፊልትሮው፣ የፍሬኑን ዘይትና የራዲያተሩን ውሃ ይለውጡ። ጎማዎቹ ያረጁ ከሆኑ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አዲስ ጎማ ደግሞ ላዩ የሚያንሸራትት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ጋዙን በዝግታ እየከፈቱ፣ በመታጠፊያ ላይም ብዙ ሳያዘነብሉ ይንዱት።