ዊንዶውስ ኤክስፒ ጭናችሁ ሲ ድራይቭ ከጠፋባችሁ

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ኤክስፒን መተው ያልቻሉ ፎቶ ቤቶችና ወርክሾፖች አሉ። የድሮ ፕሪንተር ወይም ማሽን በአዲስ ዊንዶውስ እሺ አይልም። ጣጣው የሚመጣው ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ እንደገና ሲጫን ነው።

ዊንዶውሱ ሲ መሆኑ ቀርቶ ጂ ላይ ተጭኗል

ፎቶ ቤት ውስጥ መጀመሪያ የምጠረጥረው ካርድ ሪደሩን ነው። አራት ቀዳዳ ካለው፣ ካርድ ባይገባበትም አራት ድራይቭ ሆኖ ይቆጠራል። ዲስኩ ባዶ ከሆነ ኤክስፒ ከሲ እስከ ኤፍ ያሉትን ፊደሎች ለእሱ ይሰጥና ለዋናው ዲስክ የተረፈውን ያድላል።

ከተጫነ በኋላ ፊደሉን ልቀይር ብላችሁ አትድከሙ። ዲስክ ማኔጅመንት የዊንዶውሱን ድራይቭ ፊደል አያስቀይርም። በሬጅስትሪ (የዊንዶውሱ የሴቲንግ መዝገብ) ብትነካኩት ደግሞ ሁሉም ነገር በጂ የተጻፈ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል። ያለው መንገድ እንደገና መጫን ነው። ኬዙን ክፈቱና የካርድ ሪደሩን ገመድ ከማዘርቦርዱ ንቀሉ። ፍላሽና ኤክስተርናልም አውጡ። የድሮውን ፓርቲሽን (የዲስኩን ክፍል) ስትሰርዙ እዚያው አትቀጥሉ፤ ኤፍ3 ተጭናችሁ ውጡና ከሲዲው እንደ አዲስ አስነሱት። ያኔ ፊደሎቹን ከመጀመሪያው ያድላል።

ዲ ላይ የነበረው የሰርግ ፎቶ የለም

አይዟችሁ፣ ብዙ ጊዜ ፎቶው አልጠፋም። በኋላ የተጨመረ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ካለ፣ ኤክስፒ ሲጫን ከአንደኛው ዲስክ ሎጂካል ፓርቲሽን (ብዙ ጊዜ ዲ የሚሆነው ተጨማሪ ክፍል) በፊት ለሁለተኛው ዲስክ ፕራይመሪ (ዋና) ፓርቲሽን ፊደል ይሰጣል። ስለዚህ የድሮው ዲ፣ ኢ ሆኖ ቁጭ ይላል። ማይ ኮምፒውተር ላይ ራይት ክሊክ፣ ማኔጅ፣ ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት ግቡ። አሁን ዲ የሆነውን ለጊዜው ዜድ በሉት፤ ኢን ወደ ዲ መልሱ፤ ዜዱን ኢ አድርጉት።

እዚህ ላይ አደራ የምለው አለ። በመጫኛው ስክሪን ላይ የምታዩት ፊደል እናንተ ከምታውቁት ጋር ላይገጥም ይችላል። ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የእያንዳንዱን ፓርቲሽን መጠንና ስም ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በመጠኑ እንጂ በፊደሉ አትምረጡ። ደንበኛ በአደራ ያስቀመጠው ፎቶ በአንድ ኢንተር ይሄዳል። ከተቻለ የዳታውን ዲስክ ነቅላችሁ ጫኑ።

ሃርድ ዲስክ የለም ይላል፣ ወይም በ7ቢ የሚያልቅ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል

የኤክስፒ ሲዲ የኤኤችሲአይ (የሳታ ሃርድ ዲስክ አዲሱ የአሠራር ሞድ) ድራይቨር የለውም። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ገብታችሁ የሳታውን ሞድ ወደ አይዲኢ (የድሮው ሞድ) ቀይሩት። ከተጫነ በኋላም እንዳለ ተዉት፤ ድራይቨሩን ሳትጭኑ ወደ ኤኤችሲአይ ከመለሳችሁት ያው ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል።

ትልቁ ዲስክ አንሶ ይታያል

ሲዲው ሰርቪስ ፓክ (የማይክሮሶፍት የማሻሻያ ጥቅል) የሌለው የ2001 እ.ኤ.አ. ቅጂ ነው ማለት ነው። ያ ቅጂ ከ137 ጊጋ በላይ አያይም። ሰርቪስ ፓክ 1 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣው ያለበትን ሲዲ ፈልጉ።