ቀፎው ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ ወደ ምክንያቱ፣ ከምክንያቱ ወደ መፍትሄው

ንብ አርቢ ቀፎው ሲያስቸግረው መጀመሪያ የሚወቅሰው ንቦቹን ነው። «ሰነፎች ናቸው፣ ክፉ ናቸው፣ አንድ ቦታ አይረጉም» ይላል። ቀፎው ሲፈተሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ሳጥኑ ሆኖ ይገኛል፦ የተጣመመ ፍሬም (ንቦች ማርና እጭ የሚይዘውን የሰም እንጀራ የሚሠሩበት የእንጨት ማዕቀፍ)፣ የሚያቃጥል ቆርቆሮ፣ ሣር የነካው የመቆሚያ እግር። ቀፎው «ዘመናዊ» መባሉ ብቻውን ምንም አይፈይድም። ልኩን በማያውቅ አናጢ የተገጠመ ዘመናዊ ቀፎ በእበትና በጭቃ ከተለሰነው ባህላዊ ቀፎ ይብሳል፤ ወጪው ደግሞ አይገናኝም። አዲስ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ምልክቱን አይታችሁ ምክንያቱን ለዩ።

ፍሬሙ አልነሳ አለ፣ እንጀራው እርስ በርሱ ተጣብቋል

ፍሬሙን ስትስቡ የጎረቤቱ እንጀራ አብሮ እየተቀደደ ይመጣል፤ ማሩ ይፈሳል፣ ንቦቹ ይቆጣሉ። አንዳንዴም ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር በፕሮፖሊስ (ንብ ከዕፅዋት በምትሰበስበው ሙጫ) ተጣብቆ በመሮ ካልተፈለቀቀ አይነቃነቅም። የሁለቱም ምክንያት የክፍተት ልክ መሳሳት ነው። ንብ ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሆነን ክፍተት ለመተላለፊያ ትተወዋለች። ከዚያ ከጠበበ በፕሮፖሊስ ትደፍነዋለች፣ ከሰፋ እንጀራ ትሠራበታለች። ላንግስትሮት የተባለው አሜሪካዊ ቄስ በ1852 እ.ኤ.አ. ተነቃናቂ ፍሬም ያለውን ቀፎ በፈጠራ ባለቤትነት ሲያስመዘግብ ቁም ነገሩ ይህ ክፍተት ነበር፤ ሳጥኑማ ከእሱም በፊት ነበር።

ለምርመራው የ8 ሚሊ ሜትር የትራፓኖ ፑንታ ይበቃል። በፍሬሙ ጎንና በግድግዳው መካከል፣ በፍሬሙ አናትና በክዳኑ መካከል፣ በታችኛውና በላይኛው ሳጥን ፍሬሞች መካከል እያስገባችሁ ሞክሩት። ሳይጨናነቅ ካለፈ፣ ሲያልፍም ብዙ ካልተላወሰ ልኩ ደህና ነው። የጠበበውን ላጉት፤ በሰፋው ላይ ቀጭን እንጨት ምቱበት። ከእርጥብ ባሕር ዛፍ የተሠራ ሳጥን ግን ዛሬ ልክ ቢሆንም ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም። ስለዚህ በደንብ የደረቀ ጣውላ ምረጡ፤ ውፍረቱም ከ2 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል።

በሽግግር ቀፎ (በፍሬም ፋንታ አናቱ ላይ አግዳሚ እንጨቶች በሚደረደሩበት፣ በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ባለው ቀፎ) ላይ ስህተቱ የሚመጣው ከአግዳሚዎቹ ስፋት ነው። ለአፍሪካ ንብ የሚመከረው 32 ሚሊ ሜትር ሲሆን ለአውሮፓ ንብ 35 ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የፈረንጅ ንድፍ እንዳለ ለአናጢ ከተሰጠ በእያንዳንዱ አግዳሚ 3 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። አስረኛው አግዳሚ ላይ ሲደረስ ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ሙሉ እንጀራ ይሆናል። ንቦቹ የራሳቸውን ልክ ስለማይለቁ እንጀራው ከአግዳሚው ወጥቶ ያዘግማል፤ መጨረሻ ላይ ሁለትና ሦስት አግዳሚ አቋርጦ ይሠራል። አግዳሚዎቹን በ32 አስቆርጡ፣ ከሥራቸው መሃል ለመሃል ቀጭን የሰም መስመር ቀቡ፣ ቀፎውን በውሃ ልክ አስተካክላችሁ አቁሙ። ጠማማ እንጀራ ገና ለጋ ሳለ በጣት ገፋ ቢያደርጉት ይቃናል፤ ማር ከሞላ በኋላ ግን ቆርጦ ማውጣት ካልሆነ መላ የለውም።

የታተመ ሰም (ንቦቹ እንጀራ እንዲሠሩበት የቀዳዳ ቅርጽ የታተመበት ስስ የሰም ገጽ) ሰጥታችሁ ንቦቹ እያፈረሱ የድንጉላ፣ ማለትም የወንድ ንብ፣ እንጀራ ከሠሩበትም ማተሚያውን ጠርጥሩ። ለአውሮፓ ንብ የተሠራ ማተሚያ የሚያወጣው ቀዳዳ ለኛ ንብ ይሰፋታል። ሰሙ በሙቀት ተልፈስፍሶ ከተንዘረጠጠ ደግሞ ፓራፊን ወይም ሞራ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል።

ከሰዓት በኋላ ንቦቹ ደጅ ላይ ተንዠርግገዋል

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ንቦቹ ከቀፎው ፊት እንደ ጺም ተንጠልጥለው ከታዩ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። የእጭ (ገና በማደግ ላይ ያለ የንብ ግልገል) ክፍል ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልሆነ እጩ ይጎዳል፤ ሰም ደግሞ የሚቀልጠው ከ60 ዲግሪ በላይ ቢሆንም ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ ይለሰልሳል፣ ማር የተሸከመ አዲስ እንጀራም ተገንጥሎ ይወድቃል። ስለዚህ ሙቀት ሲበዛ ሥራ ፈት የሆኑት ንቦች ውጭ ይወጣሉ፣ ሌሎቹ ውሃ ያመላልሳሉ፣ በር ላይ ያሉት በክንፋቸው ያራግባሉ። በማታው ቅዝቃዜም ተንጠልጥለው ካደሩ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ቦታ ጠቧቸው መንጋ ሊከፍሉ እየተሰናዱ ሊሆን ይችላል። ከፍታችሁ የንግስት ቤት (አዲስ ንግስት የምታድግበት የሰም ቤት) መኖር አለመኖሩን እዩ።

መዳፋችሁን ከቆርቆሮው ሥር ባለው ክዳን ላይ አሳርፉ። ካቃጠላችሁ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። በቆርቆሮውና በውስጠኛው ክዳን መካከል አራት ጠርዝ ላይ ቁራጭ እንጨት አስገብታችሁ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አየር ይለፍበት፤ ከቆርቆሮው በላይ ሣር ክደኑ። የከሰዓት ፀሐይ የሚከላከል ዛፍ ወይም ዳስ ከማንኛውም የአየር መተንፈሻ ይበልጣል። ከጨፈቃ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የሚለሰነው ቀፎ በዚህ በኩል የሚመሰገን ነው፤ ግድግዳው ሙቀቱን ቶሎ አያስገባም፣ የሌሊቱንም ብርድ ያዘገያል። ገበሬው በደጁ ባገኘው ነገር የሽግግር ቀፎን ሠርቶ ማሳየቱ ከብዙ ውድ ፈጠራ ይልቅ እኔን ያሳምነኛል።

መተንፈሻ ቀዳዳ መክፈት ካስፈለገ አንድ ወይም ሁለት በቂ ነው፤ በ3 ሚሊ ሜትር ወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፣ ንብ እንዳይመላለስበት። ብዙ ቀዳዳ መብሳት ግን ትርፉ ጉዳት ነው። ንቦቹ የሚያራግቡት አየር በበሩ በኩል በሥርዓት እንዲገባና እንዲወጣ ነውና ሳጥኑ ወንፊት ከሆነ ድካማቸው ከንቱ ይሆናል። ከሳምንታት በኋላ ተመልሳችሁ ሽቦውን እዩት፤ በፕሮፖሊስ ከደፈኑት አልፈለጉትም ማለት ነው። አትጥረጉባቸው።

ጠዋት ክዳኑ ያላበዋል፣ ጠርዙ ሻግቷል

ይህ የደጋ ችግር ነው፤ ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ ያለ አርቢ ያውቀዋል። ንቦች ቀሰሙን ማር ለማድረግ ብዙ ውሃ ማትነን አለባቸው፤ እንፋሎቱ ወጥቶ ቀዝቃዛ ክዳን ሲያገኝ ተመልሶ በእጩ ላይ ይንጠባጠባል። ከውስጠኛው ክዳን በላይ ጭድ የሞላ ጆንያ አድርጉ፣ ቀፎውንም ወደ በሩ ትንሽ አዘንብሉት፣ ውሃው ወደ ደጅ ይውረድ። ከማር ቆረጣ በኋላ ባዶውን የማር ክፍል አንሱት፤ ንቦቹ ባዶ ቤት ሲያሞቁ አይደሩ። ወለሉ ሽቦ የሆነ ቀፎ ያየ ሰው ለአየር ተብሎ ይገዛዋል፤ እሱ በይበልጥ የታወቀው ቫሮአ የተባለችው ተባይ ከንቡ ላይ ስትወድቅ እንዳትመለስ በማድረጉ ነው። በደጋ ከሥሩ ተንሸራታች ጣውላ ከሌለው አትግዙት።

ማሩ ከቆረጣችሁት በኋላ ከቦካ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቀፎው አይደለም፤ ያልታሸገ እንጀራ ቆርጣችኋል። እንጀራው ቢያንስ ሦስት አራተኛው በሰም እስኪታሸግ ጠብቁ።

ሌሊቱን ጉንዳን ገባ

ማታ ደህና የነበረ ቀፎ ጠዋት ባዶ ሆኖ፣ ደጁ ላይ የንብ ክንፍና ጭንቅላት ተበትኖ፣ እጩ ተጠርጎ ከተገኘ ሌላ ተጠርጣሪ አትፈልጉ። ጉንዳን በተለይ ዝናብ ሲጀምር ይንቀሳቀሳል፤ ንብ በአንዱ በአንዱ ላይ ቢበረታም በሰልፍ ሲመጣ አይችለውም።

የመቆሚያውን እግር የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ማቆም የተለመደ ነው፤ ግን ዝናብ ሲሞላው ዘይቱ ገንፍሎ ይወጣል፣ ንቦችም እየወደቁ ይሞቱበታል። የተሻለው ጣሳውን ገልብጦ መጠቀም ነው። የዘይት ጣሳ ታቹን በእግሩ ውፍረት ልክ ብሱትና አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ እግሩ ላይ አጥልቁት፤ ከመሬት ከጉልበት ከፍ ባለ ቦታ በሚስማር ምቱት። በእግሩና በቆርቆሮው መካከል የቀረችውን ስንጥቅ በሬንጅ ድፈኑ፤ ጉንዳን የሚሾልከው በእሷ ነው። ከዚያ የጣሳውን የውስጥ ግድግዳ በግራሶ ቀቡ። ዝናብ አያጥበውም፣ ንብ አይወድቅበትም፣ አቧራም ቶሎ አይሸፍነውም። ግራሶው ሲደርቅ ጥቅም ስለሌለው ሰኔ ከመግባቱ በፊት አድሱት። ያም ሆኖ አንድ የሣር አገዳ ቀፎውን ከነካ፣ ወይም አንድ ሰው ዶማውን ካስደገፈበት፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ። ዙሪያውን አጭዱ፣ አመድም በትኑ።

እንጀራው ድር ለበሰ፣ ወይም ማሩ ቀጥኖ ሸተተ

ድሩ የሰም ብል ትል ሥራ ነው፤ ማሩን የሚያቀጥነውና የሚያሸተው የቀፎ ጥንዚዛ ትል ነው። ሁለቱም የሚጠቁት የደከመ መንጋ ነው፤ የኛ ንብ ጥንዚዛን በፕሮፖሊስ አጥሮ የማሰር ልማድ ስላለው ብርቱ መንጋ ብዙ አይጨነቅም። ስለዚህ ወጥመድ ከመግዛት በፊት ቤቱን አሳንሱ፦ ንብ ያልሸፈነውን ፍሬም አውጡ፣ በሩንም በእንጨት አጥብቡ። ጥንዚዛው ከበዛ ንብ በማይገባበት ባለ 3 ሚሊ ሜትር ስንጥቅ ክዳን ሥር የምግብ ዘይት ያለበት ዝርግ ዕቃ አስቀምጡ፤ ብርሃን ሲሸሽ ገብቶ ይሰጥማል። ለከርሞ የሚቀመጥ ባዶ እንጀራ በጆንያ አይታፈን፤ ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አራርቃችሁ ስቀሉት።

ማር በል አውሬ ለሚያስቸግራችሁ ግን ብልሃቱ አጭር ነው፤ ቀፎውን በሽቦ ከዛፍ ላይ አንጠልጥሉ፣ ግንዱንም በለስላሳ ቆርቆሮ ጠቅልሉት፤ ጥፍሩ መያዣ ያጣል።

መንጋው ጥሎ ሄደ

ከላይ ያለው ሁሉ ተፈትሾ ደህና ከሆነ የቀሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ረሃብ ነው፤ ቆረጣ ላይ ማሩን ጠራርጎ የወሰደ አርቢ ንብ እንዲቆይለት አይጠብቅ። ሁለተኛው ሽታ ነው፤ ውስጡ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ ሳጥን ንብ አይወደውም። ቀለም ከውጭ ብቻ፤ ውስጡን በሰምና በፕሮፖሊስ አሹት። ሦስተኛው ጣልቃ ገብነት ነው፤ በየቀኑ የሚከፈት ቀፎ አይረጋም። አዲስ መንጋ ከማስገባታችሁ በፊት የቀረውን እንጀራ አሽትቱ። መጥፎ ጠረን ካለው ወደ ሌላ ቀፎ አታዛውሩት፤ አቃጥሉት፣ ሳጥኑንም ውስጡን በእሳት ነበልባል ለብልቡት።