የልጅዎ ጀርባ የተጣመመ ከመሰለዎት

ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታየው እናት ናት። ልጇን ስታጥብ ወይም ልብስ ስትለካላት አንዱ ትከሻ ከሌላው ከፍ ብሎ ታያለች። ልጅቷን ግን ብዙውን ጊዜ አያማትም። ስለማያማትም ነገሩ ይዘገያል። «ቦርሳ ከብዷት ነው» ይባላል። አይደለም። ይህ የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም ስኮሊዎሲስ ይባላል። የአብዛኛው ስኮሊዎሲስ መንስኤ አይታወቅም፤ የማንም ጥፋት አይደለም።

ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ ይዩት። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ትቁም። እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ መዳፎቿን አጋጥማ ወደፊት ታጎንብስ። እርስዎ ዓይንዎን ከጀርባዋ እኩል ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። የጎድን አጥንቷ በአንድ ወገን ጉብ ካለ ሐኪም ጋ ይውሰዷት። ወጌሻ ጋ ግን አደራ! የተጣመመ አከርካሪ ታሽቶ አይቃናም። ደግሞ ጀርባ መሐል ላይ ሾል ብሎ የወጣ ጉብታ፣ ትኩሳትና መክሳት ካለ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። እግሯ ከዛለማ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ራጅ ያስነሱ። ቆማ የምትነሳው፣ አከርካሪውን በሙሉ የሚያሳይ ይሁን። የመጣመሙ መጠን በራጁ ላይ በዲግሪ ይለካል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ስኮሊዎሲስ አይባልም። ሐኪሙን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ስንት ዲግሪ ነው? ገና ምን ያህል ታድጋለች? ሁለተኛው ጥያቄ ይረሳል። መጣመሙ የሚብሰው ግን ቁመት በሚመዘዝበት ጊዜ ነው።

ደረጃ 3፦ ሕክምናውን ይወቁ። ከ25 ዲግሪ በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ክትትል ይበቃል፤ ከ4 እስከ 6 ወር እየቆዩ መታየት ነው። ከ25 እስከ 45 ከሆነና ገና የምታድግ ከሆነ ብሬስ ይታዘዛል።

ብሬስ ከጠንካራ ፕላስቲክ በልኳ የሚሠራ፣ ወገብና ደረት የሚይዝ ነገር ነው። የተጣመመውን አያቃናም፤ እንዳይብስ ይይዘዋል። ዋናው ሰዓቱ ነው። በ2013 በወጣ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት በቀን ከ13 ሰዓት ገደማ በላይ ካደረጉት ልጆች ከ10 ዘጠኙ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልግበት ደረጃ አልደረሱም። ስለዚህ ማታ ማታ ብቻ አድርጋ ቀን ብታወልቀው አይበቃም፤ ሐኪሙ ያዘዘው ሰዓት ይሙላ። ከሥር ስስ የጥጥ ካናቴራ ትልበስ፤ እጥፋቱን በእጅዎ ዘርጉት፣ ቆዳ የሚልጠው እጥፋት ነውና። ቅባት አይቀቧት። ማሰሪያው የሚደርስበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት ያድርጉ፤ ሁልጊዜ እዚያው ድረስ ያጥብቁት። ካወለቀች ከግማሽ ሰዓት በኋላም መቅላቱ ካልጠፋ ብሬሱ ይስተካከል።

ከ50 ዲግሪ ካለፈ ብዙውን ጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምና ይኬዳል። አጥንቶቹ በብሎንና በብረት ዘንግ ተይዘው ይገጣጠማሉ። በጣም የከፋ ከሆነ አስቀድሞ ጭንቅላት ላይ ቀለበት ታስሮ አከርካሪው በክብደት ለሳምንታት ቀስ እያለ ይሳባል። አዲስ አበባ የሚሠሩት ዶክተር ሪክ ሆድስ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆችን ጋና፣ አክራ ወዳለው ፎኮስ ሆስፒታል ልከው እንዲህ አሳክመዋል።

ራጁን አይጣሉት። ቀን ጽፈው ያስቀምጡትና በየቀጠሮው ይዘውት ይሂዱ፤ ሐኪሙ አዲሱን የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።